ለከፍተኛ ጥራት ሙዚቃ የናሙና ፍጥነት እንዴት ይመረጣል?

በኢንተርኔት ከሚሸጡ የሙዚቃ መደብሮች አልበም ለመግዛት የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ያንኑ አልበም በሦስት ዓይነት ዋጋ ተዘርዝሮ ያገኘዋል። አንዱ 16 ቢት በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ ሌላው 24 ቢት በ96፣ ከሁሉ የሚወደደው ደግሞ 24 ቢት በ192 ኪሎኸርዝ ይላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ድምጹም የሚሻል ስለሚመስል አቅሙ ያለው ገዢ ሳያመነታ የመጨረሻውን ይመርጣል። ከመክፈሉ በፊት ቢያያቸው የሚጠቅሙት ነገሮች ግን አሉ፤ በቅደም ተከተል እንመልከታቸው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ስለ ምን እንደሚናገር ማወቅ ያስፈልጋል። ባለሙያዎች ሳምፕል ሬት የሚሉት የናሙና ፍጥነት፣ የድምጹ ሞገድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተለካ ይነግረናል። በሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ተለክቷል። አንድ ቅጂ መያዝ የሚችለው ከፍተኛ ድግግሞሽ የዚህ ቁጥር ግማሽ ስለሆነ፣ 44.1 እስከ 22.05 ኪሎኸርዝ፣ 96 እስከ 48፣ 192 ደግሞ እስከ 96 ኪሎኸርዝ ድረስ ይይዛል። የሰው ጆሮ በወጣትነቱ እንኳ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋም ጣሪያው ዝቅ እያለ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ሥዕል አለ። ማስታወቂያዎች የ44.1ን ሞገድ እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ ሲወጣ፣ የ192ን ግን ልስልስ ብሎ ሲፈስ ያሳያሉ። ከማጫወቻው የሚወጣው ድምጽ ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ንጹሕ የ10 ኪሎኸርዝ ድምጽ በ44.1 ሲለካ በእያንዳንዱ ዑደት ላይ ከአራት የሚበልጡ ነጥቦች ያርፋሉ፤ ከ22.05 ኪሎኸርዝ በታች ካሉ ሞገዶች መካከል ደግሞ በእነዚያ ነጥቦች ሁሉ ላይ ሊያልፍ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጠው ክፍል ያንኑ ሞገድ መልሶ ለስላሳ አድርጎ ያወጣዋል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክላውድ ሻነን በ1949 ያሳተመው ማረጋገጫም የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹን ማብዛት የምንሰማውን ሞገድ አያለሰልሰውም፤ የሚጨምረው ከጆሯችን ጣሪያ በላይ ያለውን ክፍል ነው። ይህ ክፍል አንዳንዴ ጉዳትም አለው፤ ለእንዲህ ያለ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያልተሠራ አምፕሊፋየር ወይም ስፒከር ሲያስተናግደው ወደሚሰማው ክልል የሚወርድ መዛባት ሊፈጥር ይችላል።

ቢት ሌላ ጉዳይ ነው፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ልክ በስንት አሃዝ እንደተጻፈ ይናገራል። እያንዳንዱ ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምጽ መካከል ያለውን ርቀት በ6 ዴሲቤል (የድምጽ ኃይል መለኪያ) ገደማ ስለሚያሰፋው፣ 16 ቢት ወደ 96፣ 24 ቢት ወደ 144 ዴሲቤል ይሰጣል። 24 ቢት የሚጠቅመው በተለይ ሙዚቃውን ለሚቀርጸው ባለሙያ ነው፤ ለአድማጭ 16ም ሰፊ ነው።

ቀጥሎ የራስን መሣሪያ መመርመር ይገባል፤ ምክንያቱም ድምጹ የሚያልፍበት ጠባቡ በር የሌላውን ሁሉ ልክ ይወስናል። በብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ሰው 192 ኪሎኸርዝ ቢገዛ ገንዘቡን ውኃ በላው ማለት ይቻላል። ባለ 24 ቢት 96 ኪሎኸርዝ ሙዚቃ ሳይታመቅ በሰከንድ 4,608 ኪሎቢት ሲፈልግ፣ በብሉቱዝ ከፍ ያለ ከሚባሉት ዘዴዎች አንዱ የሆነው ኤልዳክ እንኳ የሚያስተላልፈው ቢበዛ 990 ኪሎቢት ነው። በሽቦ ማዳመጥም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አፕል ለአይፎን የሠራው ትንሹ የላይትኒንግ ጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ እስከ 24 ቢት በ48 ኪሎኸርዝ ብቻ ያሳልፋል። በዊንዶውስ ኮምፒውተር የድምጽ መውጫውን ቅንብር፣ በማክ ደግሞ ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ የተመረጠውን ፍጥነት ማየት ይቻላል። እዚያ 48 የሚል ከሆነ፣ የገዛነው ፋይል 192 ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ በጸጥታ ወደ 48 ቀይሮት እየሰማነው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ቅጂው ከየት መጣ የሚለው ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ ክብደት የምሰጠውም ለዚህ ነው። በዲጂታል ቀረጻ የመጀመሪያ ዓመታት በ44.1 ወይም በ48 ኪሎኸርዝ የተቀረጸ አልበም ዛሬ 192 የሚል ስም ቢለጠፍበት፣ ያን ጊዜ ያልተያዘ ድምጽ ከየትም ሊመጣ አይችልም። የእኛም አገር የቆየ ሙዚቃ ከዚህ አያመልጥም። ዋናው የስቱዲዮ ቴፕ ጠፍቶ ከካሴት ወይም ከሸክላ የተገለበጠ ዘፈን በ192 ሲቀዳ፣ ተጨማሪው ቦታ የሚሞላው በአመዛኙ በካሴቱ ሹክሹክታና በሸክላው መንጫጫት ነው። ዋናው ቴፕ ተገኝቶ በጥንቃቄ የተገለበጠ ከሆነ ግን 96 ከበቂ በላይ ነው። መረጃው ብዙውን ጊዜ በአልበሙ ማብራሪያ ላይ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ መደብሩን ወይም አሳታሚውን መጠየቅ ነውር የለውም።

ጽሑፉን ላለማመን ምክንያት ሲኖር ፋይሉን ራሱን መመርመር ይቻላል። ስፔክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አንድ ዘፈን ሲከፈትበት ከታች ወደ ላይ ድግግሞሹን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜውን በቀለም ይሥላል። በእውነት በ96 የተቀረጸ ሙዚቃ ላይ ቀለሙ ወደ ላይ እየደበዘዘ ቀስ ብሎ ይጠፋል፤ ጽናጽልና ክራር በጎላበት ቦታም እንደ ነበልባል ከፍ ከፍ ይላል። እኔ አንድ ጊዜ በውድ ዋጋ የገዛሁትን የ192 አልበም ስከፍት፣ ቀለሙ 22 ኪሎኸርዝ ላይ ሲደርስ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ በላይ እስከ 96 ድረስ ድፍን ጥቁር ነበር። የሲዲውን ቅጂ ወስደው ቁጥሩን ብቻ አሳድገውት ኖሯል። ሥዕሉን አያይዤ ለመደብሩ ብጽፍም መልስ አላገኘሁም፤ ከዚያ ወዲህ ሙሉውን አልበም ከመግዛቴ በፊት አንድ ዘፈን ብቻ ገዝቼ እፈትሻለሁ።

አራተኛው እርምጃ ጆሮን መፈተን ነው፤ ይህ ግን በትክክል ካልተደረገ ከንቱ ነው። ከአንድ መደብር የ44.1ን፣ ከሌላው የ96ን ቅጂ ገዝቶ ማወዳደር አያዋጣም፤ ሁለቱ በተለያየ ሰው እጅ ተስተካክለው ሊሆን ስለሚችል የምንሰማው ልዩነት የናሙና ፍጥነቱ ላይሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ያንኑ የ96 ፋይል በራስ ኮምፒውተር ወደ 44.1 ቀይሮ ሁለቱን ማነጻጸር ነው። ፉባር 2000 የተባለው ማጫወቻ ለዚህ የሚሆን፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ደብቆ የሚጠይቅ ተጨማሪ መሣሪያ አለው። 16 ጊዜ ሞክሮ 12 ወይም ከዚያ በላይ በትክክል የለየ ሰው ልዩነቱን ሳይሰማው አልቀረም፤ ያን ያህል በግምት ብቻ የማግኘት ዕድሉ ከ100 ወደ 4 ነውና። 8 ወይም 9 ያገኘ ሰው ሳንቲም ቢወረውርም ያንኑ ያገኝ ነበር። በ2016 የታተመ፣ 18 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ አድማጮች በአማካይ 52.3 በመቶ ያህል በትክክል እንደለዩ አሳይቷል፤ ሥልጠና የወሰዱት የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ልዩነቱ ቢኖርም ቀጭን ነው ማለት ነው።

የቀረው የቦታና የገንዘብ ሒሳብ ነው። የ50 ደቂቃ አልበም ሳይታመቅ በ16 ቢት 44.1 ኪሎኸርዝ 529 ሜጋባይት፣ በ24 ቢት 96 ኪሎኸርዝ 1,728፣ በ24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ ደግሞ 3,456 ሜጋባይት ይሆናል። ፍላክ በሚባለው፣ ጥራቱን ሳይነካ በሚያሳንሰው ዓይነት ሲወርድ መጠኑ በጉልህ ይቀንሳል፤ የ192 እና የ96 ልዩነት ግን እንዳለ ነው። የኢንተርኔት ጥቅል በጊጋባይት እየገዛ ለሚያወርድ ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

እንግዲህ እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። ሙዚቃው የተቀረጸበት ፍጥነት ከታወቀና ዋጋው ከተቀራረበ ያንኑ እገዛለሁ፤ በ48 የተቀረጸውን በ48፣ በ88.2 የተቀረጸውን በ88.2። ካልታወቀ ወይም ከፍተኛው በጣም ከተወደደ በ44.1 ወይም በ48 እረካለሁ፤ ቢበዛ 96 ድረስ እሄዳለሁ። 192ን የምገዛው አንድ ሁኔታ ሲያጋጥም ብቻ ነው፤ አልበሙ እንደገና በጥንቃቄ ተስተካክሎ የወጣው፣ ጩኸቱም ያልተጋነነው በዚያ ቅጂ ብቻ ሲሆን። ያን ጊዜ የከፈልኩት ለባለሙያው እጅ ነው። ፋይሉን ካወረድኩ በኋላም ለስልኬ ወደ 48 ቀይሬ፣ ዋናውን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጠዋለሁ።