«አትንኩ» እና ሌሎች የስልክ ማዞሪያ ስህተቶች

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ። የስልክ ማዞሪያውን የተከለው ልጅ ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ገብቷል። እኔ የምሠራው አንድ ኤክስቴንሽን (የቢሮ ውስጥ ስልክ ቁጥር) መጨመር ብቻ ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ። ኮንፊጉን፣ ማለትም ማዞሪያው የሚታዘዝበትን ፋይል፣ ስከፍት አንድ መስመር ላይ «አትንኩ» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ያለው ትእዛዝ «አንድ ሰከንድ ጠብቅ» ነው። ሌላ ማብራሪያ የለም። ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል ብዬ አጠፋሁት።

በማግስቱ ደወሉ። «ወንድሜ፣ ስልካችን ሰላምታውን እየዋጠው ነው» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ። «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ቅጂ «ደህና መጡ» ብቻ ሆኗል። ማዞሪያው ስልኩን ካነሳ በኋላ የድምፁ መንገድ እስኪከፈት ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ያቺ አንድ ሰከንድ ለዚህ ነበረች። ልጁ ያውቃል፤ ግን ምክንያቱን አልጻፈም። እኔም አልጠየቅኩም። ጥፋቱን ለሁለት ተካፈልን።

ከዚያ ወዲህ ያየኋቸውን ስህተቶች እጽፋለሁ። ግማሾቹ የራሴ ናቸው። በብዛት የማወራው ስለ አስተሪስክ ነው። ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የጀመረው፣ ኮምፒውተርን የስልክ ማዞሪያ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው። ለትንሽ ድርጅቱ ፒቢኤክስ (የቢሮ ስልክ ማዞሪያ) መግዛት ስለተወደደበት የራሱን ጻፈ። እኛም የምንመርጠው በዚያው ምክንያት ነው።

ማስታወሻውን በአማርኛ ድርብ ሰረዝ መጀመር

ይሄ የሚያስቅ ነው፣ ግን ደርሶብኛል። በአስተሪስክ ፋይል ውስጥ ማሽኑ የሚዘለው ማስታወሻ የሚጀምረው በእንግሊዝኛው ሴሚኮለን (;) ነው። ማስታወሻውን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ችግሩ ኪቦርዱ በአማርኛ እንዳለ የእኛን ድርብ ሰረዝ ስትመቱ ነው። ለዓይን ይመሳሰላል፣ ለማሽኑ ግን ምኑም አይደለም። መስመሩን ትእዛዝ መስሎት ያነበዋል፤ ሎጉ (የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይም ያጉረመርማል።

የዚሁ ነገር ሌላው ገጽታ የባሰ ነው። ጠንካራ ይሁን ብላችሁ ፓስወርዱ መሃል ሴሚኮለን ከከተታችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ማስታወሻ ተቆጥሮ ይቆረጣል። ስልኩ ላይ 16 ፊደል ታስገባላችሁ፣ ማዞሪያው የሚያውቀው 7 ነው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ኬብል ስትነቅሉና ስትሰኩ ትውላላችሁ።

ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር መጻፍ

አንድ ቢሮ «ስልካችን ከሰዓት በኋላ ይታመማል» ብሎ ጠራኝ። ጠዋት ጠዋት ይሠራል። ከምሳ በፊት ጀምሮ ግን ለደወለ ሁሉ «የሥራ ሰዓት አልቋል» ይላል። የሥራ ሰዓታቸው ከ2:30 እስከ 11:30 ነው። ኮንፊጉም ላይ የተጻፈው እሱው ነው።

ማሽኑ የሐበሻ ሰዓት አያውቅም። ለእሱ 2:30 ሌሊት ነው፤ በእኛ 8:30። 11:30 ደግሞ በእኛ ረፋዱ 5:30 ነው። ስለዚህ ቢሮው ሌሊት ይከፈትና ረፋድ ላይ ይዘጋል። ሌሊት የሚደውል ስለሌለ ማንም አላወቀም። ጠዋት ደግሞ በአጋጣሚ ትክክል ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ ከ8:30 እስከ 17:30 ነው። አጠገቡ ማስታወሻ አድርጉ፦ «በእኛ ከ2:30 እስከ 11:30»። ካልሆነ የሚቀጥለው ሰው «ተሳስቷል» ብሎ ያስተካክለዋል።

ሰርቨሩ (ማዞሪያው የተጫነበት ኮምፒውተር) የኪራይ ከሆነና ውጭ አገር ካለ ሌላም ጣጣ አለ። ብዙዎቹ ሰዓታቸው የግሪንዊች ነው፤ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ። የሰዓት ዞኑን መጀመሪያ አዲስ አበባ አድርጉት። የጥሪ መዝገቡም የሚስተካከለው ያኔ ነው። «ማን በስንት ሰዓት ደወለ» የሚል ክርክር ሲነሳ ትረዱታላችሁ።

ዓርብን አትርሱ። ለጁምዓ ሶላት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምሳ ዕረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። እንደ ሌላው ቀን አድርጋችሁ ከጻፋችሁት፣ ማንም በሌለበት ክፍል ስልክ ሲጮህ ይቆያል።

በዓላትን በፋይል ውስጥ በቀን ቆልፎ ማስቀመጥም አያዋጣም። እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ መስከረም 11 ይውላል፤ በየአራት ዓመቱ ግን 12 ይሆናል። ኢድ ደግሞ በጨረቃ ነው። እኔ አሁን የማደርገው ለእንግዳ ተቀባይዋ አንድ አጭር ኮድ መስጠት ነው። ስትደውልበት «ዛሬ ዝግ ነን» የሚለው ይበራል፤ ደግማ ስትደውል ይጠፋል። ከእኔ በላይ በዓሉን የምታውቀው እሷ ናት።

ሁሉን ቁጥር መፍቀድ፣ ወይም ግማሹን መርሳት

በአስተሪስክ አጻጻፍ ኤክስ ማለት ከ0 እስከ 9 ያለ ማንኛውም አሃዝ ነው። መጨረሻ ላይ የምትመጣው ነጥብ ደግሞ «ከዚህ በኋላ ምንም ይምጣ ምን» ማለት ናት። ሰነፍ ስንሆን ኤክስና ነጥብ ጽፈን «የፈለገ ወደ ውጭ ይደውል» ብለን እንሄዳለን። በር ላይ ያለው የጥበቃ ስልክም 00 ብሎ ውጭ አገር መደወል ይችላል ማለት ነው። ጋሼ ላይደውሉ ይችላሉ። ያንን ስልክ ሰብሮ የገባ ግን ይደውላል።

የእኛ አገር ቁጥር ለመጻፍ አስቸጋሪ አይደለም። ከ0 ጋር 10 አሃዝ ነው። የጅማ መደበኛ ስልክ በ047 ይጀምራል፣ አዲስ አበባ በ011። ሞባይል 09 ነው፤ 07ም ነው። ይቺን 07 ነው የሚረሷት። ሳፋሪኮም አገልግሎት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን በ2022 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ ኮንፊጎች 09ን ብቻ ያውቃሉ። ደንበኛው 07 ይደውላል፣ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ይባላል። ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ያደርጋል። እያንዳንዱን በየመስመሩ ጻፉ፤ 00ን ደግሞ ለሥራ አስኪያጁና ለሚያስፈልገው ክፍል ብቻ።

የኤክስቴንሽን ቁጥር ስትመርጡም ተጠንቀቁ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሁሉም ክፍል በ9 የሚጀምር ሦስት አሃዝ ተሰጥቶት አየሁ። 907 የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር ነው። ደንግጦ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው የሚያገኘው ዕቃ ግምጃ ቤቱን ነው። ከ2 ወይም ከ3 ጀምሩ፣ ሰላም ታገኛላችሁ።

ፓስወርዱን ከኤክስቴንሽኑ ጋር አንድ ማድረግ

ኤክስቴንሽን 201፣ ፓስወርድ 201። ለመያዝ ይቀላል። ለሌባም ይቀላል። ስልኮች ማዞሪያውን የሚያገኙበትን 5060 የተባለ ፖርት (የኔትወርክ በር) ለኢንተርኔት ክፍት አድርጋችሁ ሎጉን ተመልከቱ። ብዙም ሳይቆይ ከማታውቁት አገር የሚሞክር ይመጣል። ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። 100 በ100፣ 101 በ101 እያለ ይወርዳል። ከገባ የሚደውለው ደቂቃው ውድ ወደሆነ የውጭ ቁጥር ነው፤ ከገቢው የሚካፈለው እሱው ስለሆነ። የሚመርጠው ደግሞ ቅዳሜ ማታ ነው። እናንተ የምታውቁት ሰኞ፣ ወይ ሂሳቡ ሲመጣ።

ፍሪስዊች የተባለው ሌላ የማዞሪያ ሶፍትዌር ሠሪዎች ይሄን ስለሚያውቁ ተንኮል አስቀምጠዋል። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው ፓስወርድ 1234 ነው። እሱን ሳትቀይሩ ከደወላችሁ እያንዳንዱ ጥሪ ሆን ተብሎ 10 ሰከንድ ይዘገያል፤ ሎጉ ላይም ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። «ፍሪስዊች ዘገምተኛ ነው» ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች ሎጉን አላነበቡም ነበር።

ስልኮቹ ሁሉ ግቢ ውስጥ ከሆኑ ፖርቱን ለውጭ ጭራሽ አትክፈቱ። ከቤት የሚሠራ ካለ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ይግባ። ለቴሌኮሙ መስመር የምትከፍቱ ከሆነ ለእሱ አድራሻ ብቻ ክፈቱ።

መንገዴን ሳልለቅ አንድ ነገር። «ከውጭ በኢንተርኔት የሚመጣ ጥሪ ተቀብለን በሲም ካርድ እናሳልፍ፣ ገንዘብ አለው» የሚላችሁ ሰው ከመጣ ሻይ ጋብዙትና ሸኙት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ እስር አለው።

አንዱ ይሰማል፣ ሌላው አይሰማም

ጥሪው ይገናኛል፣ ድምፅ ግን በአንድ ወገን ብቻ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማይክራፎኑን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ አድራሻ ነው። ማዞሪያው ከራውተሩ ጀርባ ተቀምጦ «ድምፁን በ192.168 በሚጀምረው አድራሻዬ ላኩልኝ» ይላል። ያ አድራሻ የሚሠራው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰርቨር «ከቆጪ መስጊድ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» እንደማለት ነው። መፍትሔው ለአስተሪስክ ሁለት ነገር መንገር ነው፦ የውጭ አድራሻህ ይሄ ነው፣ የግቢህ ኔትወርክ ደግሞ ይሄ ነው። ከዚያ የድምፁ ፖርቶች ራውተሩ ላይ ማለፋቸውን እዩ፤ በናሙናው ፋይል ከ10000 እስከ 20000 ናቸው። ራውተሩ ላይ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባል ነገር ካለ አጥፉት። ሊረዳ ብሎ ነው የሚያበላሸው።

የድሮ መመሪያ መገልበጥ

ኢንተርኔት ላይ ያለው ብዙው መመሪያ «ሲፕ ዶት ኮንፍ» የሚባለውን ፋይል አስተካክሉ ይላል። እሱን የሚያነበው ሞጁል ከአስተሪስክ 21 ጀምሮ ወጥቷል። አዲሱን ጭናችሁ የድሮውን ፋይል ብትሞሉት ማንም አያነበውም፣ ስህተትም አያሳይም። አሁን ያለው ፒጄሲፕ የተባለው ሞጁል ነው።

አስተሪስክን በድረ ገጽ የሚያስተዳድረውን ፍሪፒቢኤክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ፋይሎቹን የሚጽፈው ድረ ገጹ ነው። በእጃችሁ ያረማችሁትን፣ አንድ ሰው ድረ ገጹ ላይ «አፕላይ» ሲጫን ይደመስሰዋል። የእናንተ ጽሑፍ የሚቀመጠው ስማቸው ላይ «ከስተም» የሚል ባለባቸው ፋይሎች ውስጥ ነው።

ድምፁን በሞባይል ቀድቶ እንዳለ መጫን

ጅማ ላይ ሰላምታው ቢያንስ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መሆን አለበት። ቅጂውን ጥሩ ድምፅ ያላት ሠራተኛ በስልኳ ትቀዳለች። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ፋይሉን ሳትቀይሩ ከጫናችሁ ግን ላይጫወት ይችላል። ሞኖ፣ 16 ቢት፣ 8 ኪሎኸርዝ ዌቭ አድርጉት። የቁጥር ድምፆቹንም አስቀዱ። ካልሆነ ማዞሪያው በአማርኛ ይጀምርና ቁጥሩ ላይ ሲደርስ እንግሊዝኛ ይናገራል።

ሰርቨሩን ብቻ ዩፒኤስ ላይ መሰካት

መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ በዩፒኤሱ ባትሪ ይሠራል፣ ስልኮቹ ግን ጥቁር ናቸው። የጠረጴዛ ስልኮቹ ኃይል የሚያገኙት በኔትወርክ ገመድ ከስዊቹ ነው። ስዊቹ ደግሞ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል። ራውተሩም እንዲሁ። ሦስቱንም ዩፒኤሱ ላይ አድርጉ። በክረምት የጅማ መብረቅ ቀልድ አያውቅም፤ በመዳብ ገመድ የገባ መደበኛ ስልክ ካላችሁ መከላከያ ይኑረው። መስመሩ የሚሰካበት የሰርቨሩ ካርድ ከተቃጠለ ተተኪው የሚመጣው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው።

ሰነዱን ሰርቨሩ ውስጥ ማስቀመጥ

ሰርቨሩ ሲሞት ሰነዱም አብሮ ይሞታል። እኔ ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ። አንዱ ከሰርቨሩ ውጭ ያለ ፋይል ነው። ሌላው የታተመ ወረቀት፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከእንግዳ ተቀባይዋ መሳቢያ ውስጥ። ወረቀቱ ላይ ፓስወርድ አይጻፍም። የት እንዳለና ማን እንደያዘው ግን ይጻፋል።

ቀን ስትጽፉ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። «02/03/15 ተቀየረ» የሚል አግኝቼ አውቃለሁ። ኅዳር ይሁን መጋቢት፣ በእኛ ይሁን በፈረንጅ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባክአፕም እንደዚሁ ነው። የኮንፊግ ፎልደሩን ብቻ ቀድተው የሚረኩ አሉ። የቀዳችኋቸው ድምፆች፣ የድምፅ መልእክቶችና ያ «ዛሬ ዝግ ነን» የሚለው ኮድ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ያሉት ሌሎች ፎልደሮች ውስጥ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ፈልጉና መልሳችሁ ጫኑት። ከተነሳ ባክአፕ አላችሁ።

ባለፈው የቡና ቢሮውን ሰነድ ጽፌ ስጨርስ አስተሪስክ ነክቶ ለማያውቅ አንድ ወጣት ሰጠሁት። «ይሄን ብቻ እያየህ አንድ ኤክስቴንሽን ጨምር» አልኩት። የአንዷ ሰከንድ ጉዳይ ላይ ደረሰ፣ አነበበ፣ ሳይነካት አለፈ። ሁለት መስመር ወረደና ቆመ። እዚያ ላይ «ከዚያ እንደተለመደው ሪሎድ» ብዬ ጽፌያለሁ።

«ጋሼ፣ እንደተለመደው ማለት እንዴት ነው?» አለኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።