ጣሪያው የሚታጠፍ የድሮ ስፖርት መኪና በጨረታ ሲሸጡ

ተጫራች ያላየውን ነገር ሁሉ በክፉ ይተረጉመዋል። የመኪናው ሆድ ፎቶ ከጎደለ «በዝገት ተበልቷል» ብሎ ያስብና የብየዳውን ወጪ ካሰበው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ የዝግጅቱ ትልቁ ሥራ ጥርጣሬን ማጥፋት ነው።

ከላሜራው ይጀምሩ። እንደ እንግሊዝ ሠራሹ ኤምጂቢ ያለ፣ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የሌለው መኪና ጣሪያው ጨርቅ ስለሆነ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከወለሉና ከበሮቹ ሥር ከሚያልፈው የጎን ብረት ነው። ያ ብረት ከዛገ መኪናው መሐሉ ላይ ይጎብጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ በሩ ከኋላ በኩል ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም ይለኩ፣ ከዚያ በማንሻ ከፍ አድርገው እንደገና ይለኩ። ክፍተቱ በግልጽ ከተለወጠ ወይም በሩ አልዘጋ ካለ ብረቱ ተዳክሟል። ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን ይዩ፤ በበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዋሱ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ከ1000 በላይ ካሳየ ከሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ይቻላል። ውጤቱን በየላሜራው ጽፈው ይፋ ያድርጉት፤ ገዢው ያው መለኪያ ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

የቪኒል ጣሪያ ለወራት ታጥፎ ከቆየ ይሸበሸባል፣ ይኮማተራልም። በብርድ ጎትተው ሊቆልፉት ከሞከሩ ስፌቱ ይተረተራል። ፀሐይ ላይ አሙቀው ቀስ ብለው ይዘርጉት። የኋላው ፕላስቲክ መስኮት ደፍርሶ ከሆነ በፕላስቲክ ማጽጃ ያጥሩት፤ ከተሰነጠቀ ግን ስንጥቁን ፎቶ አንስተው ያሳዩ።

የሚጠገነውና የማይነካው ይለያል። ባትሪ፣ የፍሬን ዘይት፣ የማይበራ መብራት፣ ታንከር ውስጥ የከረመ ቤንዚን፦ እነዚህ ርካሽ ስለሆኑ ያስተካክሏቸው። የጎማው ጎን ላይ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2314 ካለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ ጥርሱ ደህና ቢሆንም ያረጀ ጎማ ተጫራቹን ያሸሻል። አዲስ ቀለም ግን አያስቀቡ፣ ሆዱንም ጥቁር ቅብ አይርጩበት። ለሽያጭ ተብሎ የተቀባ መኪና «ምን ሸፍኖ ነው?» ያስብላል። ያረጀ ግን የመጀመሪያው የሆነ የቆዳ መቀመጫም ከአዲሱ ይልቅ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

በሰነድ በኩል የሻንሲው፣ የሞተሩና የካምቢዮው ቁጥር መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ከተመዘገበው ጋር መግጠሙ ዋጋውን በእጅጉ ይወስናል። ለኤምጂ፣ ለትራያምፍና ለኦስቲን ሂሊ የፋብሪካ ምዝገባ ማረጋገጫ የሚሰጠው ብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ነው፤ ለጃጓር ደግሞ ጃጓር ዳይምለር ሄሪቴጅ ትረስት። ሊዘገይ ስለሚችል ቀድመው ያመልክቱ። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ መግለጫው ላይ ይጻፉት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ባለ 5 አሃዝ ከሆነ ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ፣ ደረሰኝ ከሌለዎት «ያልተረጋገጠ» ይበሉ።

ፎቶ 100 እና ከዚያ በላይ ያንሱ፣ ደመናማ ቀን ይመረጣል። ጣሪያው ተዘርግቶም ታጥፎም፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹ፣ ሞተሩ፣ ጎማ ወልቆ የውስጡ ክፍል፤ ጭረትና ዝገት ደግሞ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ። ብርድ ሞተር ሲነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ከሁሉ ይበልጣል፦ ካሜራው የጭስ ማውጫውን እያየ ቁልፉ ይዙር። ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት እየነደደ ነው፣ ተጫራቹም ያውቀዋል።

ዋጋ ሲያጠኑ ሌሎች ሻጮች የጠየቁትን ትተው በእርግጥ የተሸጠበትን ይያዙ፤ የታተመው አሃዝ ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚከፍለውን ኮሚሽን ማካተት አለማካተቱንም ያረጋግጡ። «ከዚህ በታች አልሸጥም» የሚሉት ዋጋ በጨረታ ቤቶች ዘንድ ቤቱ ለመኪናው ካወጣው ዝቅተኛ ግምት አይበልጥም። ከፍ አድርገው አስቀምጠውት ካልተሸጠ የመጨረሻው ጥሪ በአደባባይ ይቀራል፤ ቀጣዩ ገዢም ድርድሩን የሚጀምረው ከእሱ ነው። ውል ከመፈረምዎ በፊት የጨረታ መመዝገቢያ፣ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ክፍያን፣ ሳይሸጥ ቢቀርም የሚጠየቁትን ጭምር፣ በጽሑፍ ይቀበሉ። የጨረታውን ጊዜም ያስቡበት፦ ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና የሚፈለገው ሙቀት ሊገባ ሲል ነው።

ጨረታው በኢንተርኔት ከሆነ ለጥያቄ በዚያው ቀን ይመልሱ፤ ዝም ያለ ሻጭ የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላል። በራስዎ መኪና ላይ ዋጋ መጥራት ወይም ወዳጅን ማስጠራት ማጭበርበር ነው።

ገንዘቡ ባንክዎ ገብቶ መጽዳቱን ሳያረጋግጡ ቁልፍም የባለቤትነት ሰነድም አይስጡ። ትርፍ ቁልፉን፣ ክሪኩን፣ የመሣሪያ ከረጢቱንና ታጥፎ የሚቀመጠውን ጣሪያ መሸፈኛ አስቀድመው መኪናው ውስጥ ያስገቡ፤ መግለጫው ላይ ተጠቅሰው ርክክቡ ላይ ከጠፉ ክርክር ያስነሳሉ።