«ባለ 15» ማለት ብቻውን አይበቃም፦ የጎማ ቁጥር አነባበብ

አዳማ ውስጥ ጎማ ሊገዛ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ባለ 15 አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን የተጠየቀው የቸርኬው ልክ ብቻ ስለሆነ፣ የጎማውን ወርድና ከፍታ፣ የሚችለውን ክብደትና የተሠራበትን ጊዜ ለሻጩ ምርጫ ይተዋል።

በብዙ የቤት መኪኖች ላይ የሚገኘውን 195/65 አር 15 91 ኤች የሚለውን ጽሑፍ እንመልከት፤ በጎማው ላይ ፊደላቱ የላቲን ናቸው። 195 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 65 ግን ሚሊ ሜትር ሳይሆን መቶኛ ነው፤ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጥርሱ ያለው የጎን ከፍታ የወርዱ 65 በመቶ፣ ማለትም 127 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ ሁለት ጎማዎች 65 ስለተጻፈባቸው ብቻ እኩል አይሆኑም። «አር» ጎማው ራዲያል፣ ማለትም የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉ መሆኑን ሲገልጽ፣ 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው።

በዚህ ስሌት የጎማው ሙሉ ቁመት 634 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በምትኩ 205/70 አር 15 ቢገጠም፣ ያው «ባለ 15» ሆኖ ሳለ ቁመቱ ወደ 668 ከፍ ስለሚል፣ አዲስ አበባን ከአዳማ በሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ ላይ ጠቋሚው 120 ሲያሳይ መኪናው በእርግጥ 126 አካባቢ ሊሄድ ይችላል፤ መሪው ሲጠመዘዝም ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ወይም ከመኪናው መመሪያ ይወሰዳል። ከአሮጌው ጎማ መቅዳት አስተማማኝ አይደለም፤ የቀድሞው ባለቤት ያገኘውን ገጥሞ ሊሆን ይችላልና።

91 ኪሎ ግራም አይደለም። በሰንጠረዥ የሚፈታ መለያ ሲሆን፣ አንዱ ጎማ በተገቢው ነፋስ 615 ኪሎ ግራም እንደሚችል ይናገራል። «ኤች» ደግሞ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። «ማን በ210 ይነዳል?» የሚል አይጠፋም፤ ሆኖም ፊደሉ ጎማው ሙቀትን የመቋቋም አቅሙንም ስለሚጠቁም፣ እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ ዝቅ ያለውን መምረጥ አልመክርም።

በሚኒባሶች ላይ 195 አር 15 ሲ 106/104 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። «ሲ» የጭነት ጎማ መሆኑን ያሳያል፤ 106 ጎማው ነጠላ ሲሆን 950፣ 104 ደግሞ በጥንድ ሲገጠም 900 ኪሎ ግራም ነው። ሚኒባስ ላይ የቤት መኪና ጎማ መግጠም የማይገባው ለዚህ ነው። በባጃጅ ላይ የሚታየው 4.00-8 በሁለቱም ቁጥር ኢንች ነው፦ ወርዱ 4፣ ቸርኬው 8።

የተሠራበት ጊዜ «ዶት» ከሚሉት ፊደላት በሚጀምረው ኮድ መጨረሻ በአራት አኃዝ ይጻፋል። 2319 ከሆነ፣ በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ መሆኑ ነው። «19»ን በእኛ ዘመን የሚያነብ ገዢ አሮጌውን ጎማ እንደ አዲስ ይወስዳል። አራቱ አኃዞች ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚገኙ፣ ጎሚስታው ቸርኬው ላይ ከማስገባቱ በፊት ጎማውን አገላብጦ ማየት ይገባል፤ ከተገጠመ በኋላ ያ ጎን ወደ ውስጥ ከዞረ ለማንበብ መኪናው ሥር መግባት ያስፈልጋል።