«ጠቅላላ ውክልና» ስትፈርሙ ምን እየፈረማችሁ ነው?

ከአገር ቤት የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ጠቅላላ ውክልና ላክልኝ፤ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ኤምባሲ ከምትመላለስ።» ጥያቄው ከቅን ልብ ሊመጣ ይችላል። ችግሩ «ጠቅላላ» በቤተሰብ አፍ አንድ ነገር፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ነገር መሆኑ ነው።

በ1952ቱ ሕግ ጠቅላላ ውክልና ጠባብ ነው። አንቀጽ 2203 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያገለግል ይደነግጋል። አንቀጽ 2204 የአስተዳደር ሥራ የሚባለውን ይዘረዝራል፦ ንብረት መጠበቅና ማደስ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ከባለዕዳ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ሰብልና የሚበላሽ ዕቃ መሸጥ። ቤት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ መታረቅ፣ መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት ግን በአንቀጽ 2205 ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ።

ታዲያ «ጠቅላላ» ብለው የሰጡ ሰዎች ቤታቸውን እንዴት ያጣሉ? ርዕሱ ጠቅላላ ቢልም ከሥሩ ያለው የተለመደ ጽሑፍ ልዩ ሥልጣኖቹን አንድ በአንድ ስለሚደረድር ነው፦ «የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ፣ ስም እንዲያዛውር፣ ከባንክ ገንዘብ እንዲያወጣ፣ ሌላ ሰው እንዲወክል...» ርዕሱን ተዉትና ግሦቹን ቁጠሩ። ኪራይ እንዲሰበስብላችሁ ከሆነ የምትፈልጉት «እንዲያከራይ፣ ኪራዩን ተቀብሎ በስሜ ወዳለው ሒሳብ እንዲያስገባ፣ ግብር እንዲከፍል» በቂ ነው፤ ሌላውን አስሰርዙ።

«ሌላ ሰው እንዲወክል» የምትለዋን በተለይ ተጠንቀቁ። በመርህ ተወካይ ሥራውን ራሱ ነው የሚሠራው፤ ይህቺ ሐረግ ግን በር ትከፍታለች። እናታችሁን ታምናላችሁ፣ ልክ ናችሁ። እናት ግን ውልና ማስረጃ ተሰልፈው መዋል ሲያቅታቸው ለአክስት ልጅ ያስተላልፉታል፤ እሱን ያመነው ማንም የለም። ጠበቃ ማቆም የሚያስፈልግ ከሆነ «ለእገሌ ጉዳይ ብቻ ጠበቃ እንዲወክል» ተብሎ ይጻፍ።

ዘመድን የማመን ጉዳይ ከባዱ ነው። «ወንድምን ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ፤ ነውሩ የሚመጣው ግን በመጨረሻ ፍርድ ቤት ሲገናኙ ነው። ሕጉ ተወካይን በጥብቅ ታማኝነት ያስገድደዋል፣ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታም ጥሎበታል፤ ስለዚህ «በየ3 ወሩ የጽሑፍ ሒሳብ ያቀርባል» ብሎ ማስገባት ስድብ አይደለም። በምትመርጡት ሰው ላይ ከጸባዩ በፊት ጥቅሙን እዩ። ቤታችሁ ውስጥ ያለ ኪራይ የሚኖር ዘመድ ቤቱን እንዲያከራይ አይወከልም፤ ተከራይ ባይገኝ ይሻለዋል። ከውርስ ክርክር ድርሻ የሚጠብቅም የውርስ ጉዳይ አይወከልም። ሽያጭ ካለ ደግሞ ዋጋ የሚደራደረውና ብር የሚቀበለው አንድ ሰው አይሁን፤ ክፍያው በቀጥታ በእናንተ ሒሳብ ይግባ። ዝቅተኛ ዋጋም በቁጥር ጻፉ። ተወካይ ለራሱ ቢሸጥ ወካዩ ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል፤ በሚስት ወንድም ስም ሲገዛው ግን ማስረጃ ማምጣቱ የእናንተ ሸክም ነው።

ከዚህ የሚብሰው «በእኔ ስም ይገዛ፣ ስትመጣ እናዛውረዋለን» ነው። በአንቀጽ 2197 መሠረት በራሱ ስም የተዋዋለ ተወካይ መብቱንም ግዴታውንም ራሱ ይይዘዋል። በአንቀጽ 1195 ደግሞ የባለሀብትነት ደብተሩ በስሙ የወጣለት ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ገንዘቡን የላካችሁበት ደረሰኝ ገንዘብ መላኩን እንጂ ቤቱ የእናንተ መሆኑን አያሳይም።

አሁን ወደ ቃላቱ። በውል ላይ «ቤቴ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። «በዚህ ውክልና ቤቱ ማለት» ብላችሁ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥርና ስፋቱን በካሬ ሜትር ጻፉ። «ማለት ነው» ዝርዝሩን ይዘጋል፤ «ይጨምራል» ይከፍተዋል። አዋጅ ስታነቡም ከአንቀጽ 2 ትርጓሜው ጀምሩ። ለምሳሌ ቢጫ ካርድን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያን፣ የሚመለከተው አዋጅ 270/1994 ላይ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» የሚለው ራሱ ትርጉም አለው፤ ሌላ ፓስፖርት የያዘ ሁሉ በቀጥታ አይገባበትም። እንግሊዝኛውን አንብባችሁ እንዳትከራከሩ፤ የፌዴራል ሕግ ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። «ይዞታ» ደግሞ የመሬት ባለቤትነት አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም።

«ቀብድ»ም ያቃጥላል። ተወካያችሁ ግማሹን ዋጋ ተቀብሎ ውሉ ላይ «ቀብድ» ብሎ ከጻፈና እናንተ ከሽያጩ ካፈገፈጋችሁ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ እጥፉን ትመልሳላችሁ፤ አንቀጽ 1885 ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ ይባል።

ውክልናውን የማረጋገጡ መንገድ አጭር ነው፦ ቆንስላ፣ አዲስ አበባ ያለው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ። የቤት ሽያጭ ውል ራሱ በአንቀጽ 1723 በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ ስላለበት፣ በሞባይል ፎቶ ተልኮ የሚያልቅ ነገር የለም። ባለትዳሮች ከሆናችሁ በጋራ ቤት ላይ የሁለታችሁም ፈቃድ ይጠየቃል።

መሻር በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፤ ለዘመዱ በስልክ «ሽሬዋለሁ» ማለት ግን አይበቃም። መሻሪያው ለተወካዩ፣ ለውልና ማስረጃ፣ ለባንኩና ሰነዱ ለቀረበበት ሁሉ ይድረስ፤ ዋናውንም ቅጂ አስመልሱ። መሻሩን ያልሰማ ሦስተኛ ወገን ተዋውሎ ከተገኘ ኃላፊነቱ ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል። «አባታችን ሳይሞት የሰጠኝ ውክልና አለኝ» የሚል ከመጣም፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ውክልናው ከወካዩ ጋር ሞቷል፤ አንቀጽ 2232። የሚያስፈልገው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃና ከወራሾቹ የሚሰጥ አዲስ ውክልና ነው።