ገላጣ የግጦሽ መሬት ውስጥ የሣር ዘር መኖሩ በሳፋ እንዴት ይታወቃል?

አጎቴ መተማ በኩል ያለው የግጦሽ መሬት ገላጣ ሆኖበት "ዘር ልግዛ ወይስ ዝም ብዬ ልጠረው?" ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ከብቱ ሣሩን ጨርሶ ቢግጠውም ከዚያ በፊት የረገፈ ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ሊጠብቅ ይችላል። ካለ፣ መሬቱን ከንክኪ ነፃ ማድረግ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ከሌለ ግን አጥራችሁ የምትጠብቁት አረም ነው። የሚለየው አስበቅሎ በመቁጠር ነው።

አፈሩን ሚያዝያ ላይ ሰብስቡ። አንዴ ከዘነበ የሚበቅለው በቅሏል፣ ረፍዷል።

የአፈር መሰርሰሪያ ግዙ የሚላችሁን አትስሙ። አፉ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ይበቃል። መሬቱን ዞር ዞር እያላችሁ ከ20 ቦታ፣ በ5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ውሰዱ፤ አብዛኛው ዘር ያለው እዚያው ላይ ላዩን ነው። ዛፍ ጥላ ሥር ብቻ እንዳትቆፍሩ፣ ከብቱ እዚያ ስለሚውል ከእበት ጋር የመጣ ዘር ይበዛል። ከዚያ ቀላቅሉና ድንጋዩንና ሥሩን ልቀሙ። ሰርዶ ከቁራጭ ሥር ስለሚያቆጠቁጥ ከዘር የበቀለ መስሎ ያታልላል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። አፈሩ የሚሰጣው ሳፋ ውስጥ በተነጠፈ አሸዋ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጎንደር ግቢያችን ውስጥ ከወንዝ ዳር የመጣ አሸዋ እንዳለ አነጠፍሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሳፋው አረንጓዴ ሆነ። ደስ ብሎኝ ለአጎቴ ደወልሁና "መሬትህ ሀብታም ነው!" አልሁት። ከቀናት በኋላ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ የተረፈውን አሸዋ ሳየው ያው ቡቃያ ሞልቶበታል። ለካ ስቆጥር የከረምሁት ወንዙ ያመጣውን ዘር ነው። መልሼ ስደውል አጎቴ ሳቀብኝ፣ እስካሁንም አልተወኝም።

ስለዚህ አሸዋውን በብረት ምጣድ ቁሉት፣ እንደ ገብስ። ከዚያ አንድ ተጨማሪ ሳፋ ላይ የተቆላ አሸዋ ብቻ አድርጋችሁ ከሌሎቹ ጋር እኩል አጠጡ። እዚያ የበቀለ ነገር ነፋስ ያመጣው ነውና ከቆጠራው አውጡት። ይህችን ሳፋ የዘለለ ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል።

አፈሩ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ አይወፍር። ብዙው ደቃቅ ዘር ብርሃን ካላገኘ አይበቅልም። የ20 ቆርቆሮው አፈር ስፋታቸው 50 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 4 ሳፋዎችን ይሸፍናል፤ ታቻቸውን ብሱ። ክዳኑ በተበሳ የውኃ ፕላስቲክ ጠዋትና ማታ አርከፍክፉ። ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይሁን፣ የቆላ ዘር የጎንደርን ብርድ አይወድም።

በየሳምንቱ የለያችሁትን ቆጥራችሁ ንቀሉ፣ ያልለያችሁት እስኪያብብ ይቆይ። ግንዱን በጣት ስታሽከረክሩት ሦስት ጠርዝ ካለው ግጫ እንጂ ሣር አይደለም። መብቀሉ ሲቆም አፈሩን ገልብጣችሁ እንደገና አጠጡ። እኔ 3 ወር እጠብቃለሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የ20ው ቆርቆሮ አፍ ሲደመር 0.157 ካሬ ሜትር ነው። 47 የሣር ቡቃያ ከቆጠራችሁ ለ0.157 አካፍሉት፣ በካሬ ሜትር 300 ገደማ ይመጣል። ግን ቁጥሩ ብቻ አይሸውዳችሁ። ዓመት ዓመት የሚያቆጠቁጡት ሣሮች ዘራቸው አፈር ውስጥ ብዙም አይቆይም። የበቀለው ሁሉ አንድ ክረምት ኖሮ የሚደርቅ ከሆነ ዘር መግዛት አይቀርም። አጎቴም በሁለተኛው ሙከራ የደረሰው እዚህ ነው፣ ገዛ።

ፓርቲኒየም የሚባለው መጤ አረም ከበቀለ ሳያብብ፣ በጓንት ንቀሉት። አፈሩንም ጓሮ እንዳትደፉት።