ነክረነው ያልጠጠረ፣ ነክረነው የተሰነጠቀ፦ በጅማ የብረት ሥራ ቤቶች የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ጅማ ውስጥ ወደ ብረት ሥራ ቤት የሚመጣው ሥራ ወቅት አለው። በቡና ለቀማ ወራት የመፈልፈያና የመቀሸሪያ ማሽን ምላጭና ዘንግ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ዶማ፣ ማረሻና መጥረቢያ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ የባጃጅና የጭነት መኪና ዕቃ ይመጣል። ዕቃው ሲሰበር ወይም ሲጣመም የሚሰጠው ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ብረቱ ነው የማይረባው» ይባላል። እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ጥፋቱ ከብረቱ ይልቅ በብረቱ ላይ ካለፈው ሙቀት የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል። በመቶ 0.6 ካርቦን ያለው አንድ ቁራጭ አረብ ብረት ግሎ በአመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ በሞረድ ይፋቃል፤ ያው ቁራጭ ግሎ ዘይት ውስጥ ቢነከር ሞረዱን ራሱን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ለተዘረዘሩት ምልክቶች ሁሉ መነሻው ብረቱ ምን ያህል እንደጋለ፣ በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘና ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገለት መጠየቅ ነው።

ምልክት፦ ግሎ ቢነከርም ሞረድ ይበላዋል

ይህ ከሁሉም የበዛው አቤቱታ ነው፤ መንስኤውም አንድ ብቻ ስላልሆነ በቅደም ተከተል መመርመር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የካርቦን ማነስ ነው። ላሜራ፣ ቱቦላሬና አብዛኛው ፌሮ የካርቦን መጠናቸው ከመቶ 0.3 በታች ስለሆነ የቱንም ያህል ቢጋሉና ቢነከሩ ለምላጭ የሚበቃ ጥጥርነት አይሰጡም። ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ብረቱን በመሞረጃ ድንጋይ ላይ ለአፍታ አስነክቶ የሚወጣውን ፍንጣሪ ጠቆር ባለ ግድግዳ ፊት ማየት ይበቃል። ካርቦኑ ያነሰ ብረት ረጃጅምና ቀጥ ያሉ፣ ጫፋቸው ላይ እምብዛም የማይበታተኑ መስመሮችን ይረጫል። ካርቦኑ የበዛው ደግሞ አጠር ብሎ እንደ ቁጥቋጦ የሚንዠረገግ፣ ጫፉ ላይ በብዙ ኮከብ የሚፈነዳ ፍንጣሪ ይሰጣል። ማነጻጸሪያ እንዲሆን አንድ ቁራጭ ፌሮ፣ አንድ ቁራጭ ባሌስትራ (የመኪና ዝርግ ሞላ) እና አንድ አሮጌ ሞረድ በሽቦ አስሮ ከድንጋዩ አጠገብ ማንጠልጠል ጥሩ ልማድ ነው፤ ዓይን ብቻውን በማስታወስ አይታመንምና። ካርቦኑ ያነሰ ሆኖ ከተገኘ አንዱ አማራጭ ብረቱን መቀየር ነው። ሌላው አማራጭ ዕቃውን በደቀቀ ከሰል በተሞላ፣ ክዳኑ በጭቃ በተመረገ የብረት ሳጥን ውስጥ አድርጎ በ900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለበርካታ ሰዓታት ማቆየት ነው፤ ካርቦኑ ወደ ቆዳው ይሰርጻል፣ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ለማግኘት ግን የአንድ ሙሉ የሥራ ቀን እሳት ይፈጃል። ለአንድ ዶማ ሲባል ይህን ሁሉ ከሰል ማንደድ አያዋጣም ባይ ነኝ።

ፍንጣሪው ጥሩ ሆኖ ሳለ ብረቱ ካልጠጠረ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሙቀቱ ነው። አረብ ብረት እንዲጠጥር ውስጣዊ አደረጃጀቱ መጀመሪያ፣ ሲግል ወደሚይዘው ኦስቴናይት ወደሚባል አደረጃጀት መለወጥ አለበት፤ ይህ ለውጥ 727 ዲግሪ ላይ ይጀምራል፣ በባሌስትራ ዓይነት ብረት ግን በደንብ እንዲጠናቀቅ ከ830 እስከ 860 ዲግሪ ያስፈልጋል። ቀጥቃጮቻችን በቅላቱ ይለኩታል፤ የደረሰ እሸት ቡና የመሰለ ቅላት ገና መነሻው ስለሆነ ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ወደ ብርቱካን ሲያዘነብል ነው ልኩ። ችግሩ ቅላቱ እንደ ብርሃኑ ሁኔታ መለያየቱ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው ብረቱ የቀላ ስለማይመስለው ከልክ በላይ ያግለዋል፤ ጨለማ ቤት ውስጥ የሚሠራው ደግሞ ገና ሳይደርስ ያወጣዋል። ከዚህ የሚያድነው ማግኔት ነው። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት መያዙን ይተዋል፤ ስለዚህ የአሮጌ ድምፅ ማጉያ ማግኔት በሽቦ አንጠልጥሎ እየሞከሩ፣ መያዙን ካቆመ በኋላ ጥቂት ጨምሮ ማጋልና ሙቀቱ ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ ለትንሽ ደቂቃ ማቆየት ነው።

ሦስተኛው መንስኤ የሚያሳስት ነው፤ ብረቱ በእርግጥ ጠጥሯል፣ ቆዳው ግን አልጠጠረም። ወናፉ በኃይል እየተነፋ ከሰሉ ሲሳሳ ያልተቃጠለ ኦክስጅን ብረቱ ላይ ይደርስና ከቆዳው ካርቦኑን እየበላ ይወስዳል፤ ከላይ የሚረግፈው ጥቁር ቅርፊት የዚሁ ምልክት ነው። ስለዚህ ሞረዱ ለስላሳ ሆኖ ሲያገኘው ወዲያው ተስፋ ሳይቆርጡ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብረቱን ሳያግሉ፣ ውሃ እያስነኩ ሞርዶ እንደገና መሞከር ይገባል። ከሥሩ ሞረድ የሚያንሸራትት ከሆነ ዕቃው ደህና ነው። ለወደፊቱ ግን ከሰሉን ከብረቱ በታችም በላይም አብዝቶ ወናፉን በለሆሳስ መንፋት ነው።

አራተኛው የመንከሪያው ነገር ነው። የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ወዲያው በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ያ እንፋሎት እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ቅዝቃዜውን ያዘገያል። ብረቱን ጨብጦ በጉጠት ዝም ብሎ የሚያቆም ሰው ስለዚህ እዚህም እዚያም ያልጠጠረ ነጠብጣብ ያገኛል። ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ ውሃ ሲሆን ደግሞ ከመቶ 5 እስከ 10 ጨው መጨመር ሽፋኑን ይሰብረዋል።

ምልክት፦ ሲነከር ይሰነጠቃል

የራሴን ጥፋት እዚህ ላይ ልናገር። ከባሌስትራ የተሠራ የመቀሸሪያ ምላጭ ነበር፤ ዘይቱ በቂ አልነበረምና ቸኩዬ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። እንፋሎቱ ገና ሳይበርድ ከባልዲው ውስጥ «ጥን» የሚል አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። አውጥቼ ሳየው ምንም የለበትም። ጠራርጌ ላምባ ቀባሁት፣ ላምባውን በደንብ አደረቅሁና ጠመኔ ፈጭቼ ነሰነስኩበት። ደቂቃ ሳይሞላ በነጩ ጠመኔ ላይ ከብሎን ቀዳዳው ተነሥቶ እስከ ስለቱ የሚደርስ እንደ ፀጉር የቀጠነ እርጥብ መስመር ወጣ። ምላጩ ማሽኑ ላይ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ እየዞረ ሰው ፊት ላይ ሊፈነጠር ይችል ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኦስቴናይት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ማርቴንሳይት ወደሚባለው እጅግ ጠጣር አደረጃጀት ይለወጣል፤ ስያሜው የተወሰደው ብረትን በማይክሮስኮፕ ከመረመሩት አንዱ ከሆነው ከጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ነው። በዚህ ለውጥ ወቅት የብረቱ ይዘት በመቶ 4 ገደማ ይነፋል። ቆዳው ቀድሞ ጠጥሮ ሳለ ውስጡ ዘግይቶ ሲነፋ የጠጠረው ቆዳ መለጠጥ አይችልምና ይተረተራል፤ መተርተር የሚጀምረውም ከቀዳዳ፣ ከሹል ማዕዘን ወይም ጥልቅ ከሆነ የሞረድ ጭረት ነው። ባሌስትራ አብዛኛውን ጊዜ ክሮሚየም ስለሚጨመርበት ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝም ይጠጥራል፤ ስለዚህ ውሃ ለእርሱ ከመጠን ያለፈ ነው።

መፍትሄው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ ዘይት መንከር ነው። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀትን የሚወስደው ከሞቀው ዘይት ይልቅ በዝግታ ነው፤ ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ይመስላል። ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ይልቅ ንጹህ የምግብ ዘይት ይመረጣል፤ የሞተር ዘይቱ ጭስ ለሳንባ ክፉ ነው፣ ባሕርዩም ከጣሳ ጣሳ ይለያያል። መጠኑ ብረቱን በሚገባ የሚያሰጥም መሆን ይኖርበታል፣ ዘይቱ የሚከደንበት የብረት ክዳንም አጠገብ ይቀመጥ፤ ግማሹ ከዘይቱ በላይ የቀረ የጋለ ብረት እሳት ያስነሣል። ቀዳዳዎችን አፋቸውን ማለስለስ፣ ማዕዘኖችን ማዶልዶም፣ የሞረድ ጭረትን በአሸዋ ወረቀት ማጥፋት ደግሞ ከመጋሉ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ዘይት ተጠቅሞም ከተሰነጠቀ ስብራቱን ከፍቶ ማየት ነው። የተሰበረው ገጽ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ሻካራ ቅንጣት ካሳየ ብረቱ ከልክ በላይ ግሏል፣ ቅንጣቶቹም አድገዋል ማለት ነው፤ ደህና የሆነው እንደ ጨርቅ የለዘበ ግራጫ ይመስላል። ያደገውን ቅንጣት ለመመለስ ብረቱን እስከ ተገቢው ቅላት እያገሉ በአየር ማቀዝቀዝን ሦስት ጊዜ መደጋገም ይረዳል። የስንጥቁ ግድግዳ በጥቁር ቅርፊት ከተሸፈነ ደግሞ ስንጥቁ ከመነከሩ በፊት ነበር፤ አሮጌ ባሌስትራ መንገድ ላይ የተጠራቀመ ድካም ይዞ ስለሚመጣ ከመቆረጡ በፊት የላምባና የጠመኔውን ሙከራ ማድረግ ከብዙ ልፋት ያድናል።

ምልክት፦ ስለቱ ይሸራረፋል ወይም ይታጠፋል

ተነክሮ የወጣ ብረት አልተጨረሰም። እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሆነ በዚያው ቀን፣ ቢቻል እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ ሳለ፣ መልሶ መሞቅ አለበት፤ ማታ ጠረጴዛ ላይ ትቶት የሚሄድ ሰው ጠዋት ለሁለት ተከፍሎ ሊያገኘው ይችላል። መልሶ ሲሞቅ የተወለወለው ገጽ ቀለም ያወጣል፦ 220 ዲግሪ አካባቢ ፈዛዛ የገለባ ቢጫ፣ 255 አካባቢ ቡናማ፣ 280 አካባቢ ወይን ጠጅ፣ 300 ሲሆን ሰማያዊ። ለቢላ ገለባው፣ በመዶሻ ለሚመታ መሮ ቡናማው እስከ ወይን ጠጁ ይስማማዋል። ስለቱ የሚሸራረፍ ከሆነ አንድ ቀለም ከፍ ማድረግ፣ የሚታጠፍ ከሆነ ግን ቀለሙ አልፎበታልና እንደገና አግሎ መንከር የግድ ነው፤ ያለፈ ቀለም ወደ ኋላ አይመለስም። ለሞላና ለባሌስትራ ሥራ የሚፈለገው ከ400 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በቀለም መመራት አይቻልም።

ቀለሙ ወጥ እንዲሆን አሸዋ በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ዘርግቶ ብረቱን በላዩ ማገላበጥ በጣም ምቹ ነው፤ ምጣዱ ግን ለዚሁ የተለየ አሮጌ ምጣድ ይሁን፣ የቤት እመቤቷን አታስቀይሙ።

ምልክት፦ ብየዳው ደህና ሆኖ ጎኑ ይሰነጠቃል

ማታ ደህና የተባለ የዘንግ ብየዳ ጠዋት ከመገጣጠሚያው አጠገብ ተሰንጥቆ ይገኛል። በያጁ ይወቀሳል፤ ይሁንና የብየዳው እጅ ሳይሆን ያልተሠራው ቅድመ ዝግጅት ነው ጥፋቱ። ከብየዳው ጎን ያለው ቀጭን ክፍል በቅጽበት ይግልና በዙሪያው ባለው ቀዝቃዛ ብረት ተመጥጦ በቅጽበት ይቀዘቅዛል፤ ይህ ማለት ሳናውቀው ነከርነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ከረጠበ ኤሌክትሮድ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ጠጠረው ክፍል ሰርጎ ከሰዓታት በኋላ ይሰነጥቀዋል። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ስለሆነ ይህ ችግር ከሰኔ እስከ መስከረም ሲበረታ ይታያል።

የትኛው ብረት እንደሚያሰጋ በስሌት መገመት ይቻላል። የካርቦኑ መጠን ላይ የማንጋኒዙ አንድ ስድስተኛ፣ የክሮሚየም፣ የሞሊብዲነምና የቫናዲየም ድምር አንድ አምስተኛ፣ የኒኬልና የመዳብ ድምር አንድ አሥራ አምስተኛ ይደመራል። በመቶ 0.45 ካርቦንና 0.6 ማንጋኒዝ ያለው የተለመደ የዘንግ ብረት በዚህ ስሌት 0.55 ይሆናል፤ ከ0.45 በላይ የሆነ ሁሉ ሳይሞቅ መበየድ የለበትም።

እንግዲህ ዘንጉ ከመበየዱ በፊት ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ይሞቅ። ቴርሞሜትር ከሌለ የሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት የእርሳስና የቆርቆሮ ድብልቅ ሽቦ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ስለሚጀምር፣ ከመበየጃው ቦታ ራቅ አድርጎ ማስነካትና መቅለጡን ማየት ዝቅተኛውን ወሰን ያሳውቃል። ኤሌክትሮዱ ሃይድሮጅን የሚቀንሰው 7018 ይሁን፤ ፓኬቱ ተከፍቶ ከሰነበተም ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ያህል ይድረቅ። ብየዳው ሲያልቅ ዘንጉን በደረቅ አመድ ውስጥ ቀብሮ እስከ ማግስቱ መተው ነው፤ ደንበኛው ቆሞ ቢጠብቅም አይወጣም።

ምልክት፦ ዘንጉ ያለ ምክንያት ተሰበረ

የተሰበረውን ገጽ ሳያጥቡ ይመልከቱት። ከአንድ ጥግ ተነሥተው እንደ ባሕር ዳር ሞገድ እየሰፉ የሚሄዱ ለስላሳ መስመሮችና በመጨረሻው ላይ ትንሽ ሻካራ ክፍል ካለው ዘንጉ በአንድ ቀን አልተሰበረም፤ ስንጥቁ ለሳምንታት ሲያድግ ቆይቶ የቀረው ብረት ጭነቱን ሲያቅተው ነው የለቀቀው። ሞገዶቹ የተነሡበት ጥግ ብዙውን ጊዜ የቁልፍ ማስገቢያው (ዘንጉን ከመዘውሩ ጋር የሚያያይዘው ቁራጭ ብረት የሚገባበት ቦይ) ጠርዝ ወይም ቶርኖ ላይ በሹል የተቆረጠ ትከሻ፣ ማለትም የዘንጉ ውፍረት የሚቀየርበት ደረጃ፣ ሆኖ ይገኛል። ጠንካራ ብረት ገዝቶ በዚያው ሹል ትከሻ ማስቆረጥ ያንኑ ስብራት በሚቀጥለው የቡና ወቅት መጠበቅ ነው። ለባለ ቶርኖው ትከሻው በሹል ፋንታ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ማዕዘን እንዲኖረው መንገር፣ የኩሽኔታውን አፍም ያንን ክብ እንዳይነካ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ኩሽኔታው ከክቡ ጋር ከተፋጨ ግን ግጥሚያው አይቀመጥምና በመካከሉ ቀለበት ይገባል።