ኢንዳክሽን ምድጃዬ ድስት አልቀበል ሲለኝ ያደረግሁት

አዲሱን የኢንዳክሽን ምድጃ ሰክቼ ድስቴን ጣድኩ። ጢጥ ጢጥ አለ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፣ ከዚያ በራሱ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ተበላሽቶ ነው የመጣው ብዬ ልመልሰው ካርቶኑን ሁሉ አውጥቼ ነበር።

ችግሩ ግን ድስቱ ነው። ኢንዳክሽን እሳት ወይም የጋለ ሽቦ የለውም፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው የመዳብ ጥቅል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥርና ሙቀቱ የሚወጣው ከራሱ ከድስቱ ቂጥ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ቂጡ ማግኔት የሚይዝ መሆን አለበት። የኔ ተራ አሉሚኒየም ነበር። መዳብ፣ ሸክላና መስታወትም ብቻቸውን አይሆኑም።

ከፍሪጁ በር ላይ ማግኔት አንስቼ ያሉኝን ዕቃዎች አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ፈተሽኳቸው። የብረት መጥበሻውና ኢናሜል የተቀባው ድስት ጥብቅ አድርገው ያዙት። ያስገረመኝ ስቴንለስ ስቲሉ ነው፦ አንዱ ያዘ፣ ሌላው ጭራሽ። 18/10 የሚባለው 10 በመቶ ገደማ ኒኬል ስላለበት ብዙውን ጊዜ ማግኔት አይዝም፤ ቂጡ ላይ ማግኔት የሚይዝ ንጣፍ ከተገጠመለት ግን ይሠራል። ስለዚህ ጎኑን ሳይሆን ቂጡን ፈትሹ፣ መሃሉንም ዳሩንም። አንዱ መጥበሻዬ መሃሉ ላይ ብቻ ነበር የያዘው፤ ውሃ ሳፈላበት አረፋው መሃል ላይ ይንተከተካል፣ ዳር ዳሩ ዝም።

ቂጣቸው ላይ ማስመሪያ አጋድሜ የጎበጡትንም ለየሁ፣ ከመስታወቱ ጋር በደንብ አይገጥሙማ። የጎደለኝን ልገዛ ስወጣ ማግኔቷን ኪሴ ከትቼ ነው የሄድኩት። ለኢንዳክሽን እንደሚሆን የሚያሳየው የጥቅል ሽቦ ምልክት ያለበትን ድስት መረጥኩ፣ ቤት ስጥደው ወዲያው ሠራ።